አሥራ ሁለት ፀሐይ ወደ ሞጣ

ባሕር ዳር፣ ከቤቴ በረንዳ ላይ ሆኜ ፀሐይን ፎቶ አነሣለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዋና ሥራዬ ይኸው ነው። ቴሌስኮፔ ከክንዴ የማትረዝም ቱቦ ናት፤ ሃይድሮጂን የሚሉት ጋዝ የሚያወጣውን አንድ ቀይ ብርሃን ብቻ አሳልፋ ሌላውን ሁሉ ታስቀረዋለች። በእሷ ሲያዩዋት ፀሐይ ፍም ትመስላለች፤ ጠርዟ ላይ ነበልባል ሲነሣና ሲተኛ ይታያል። ጎረቤቶቼ «እትዬ፣ ፀሐይዎ እንዴት አደረች?» እያሉ ያሾፉብኛል። ደህና አድራለች እላቸዋለሁ። ይህን አመል ከየት አመጡት ሲሉኝ ግን ወንበር ስበው እንዲቀመጡ አዛለሁ። ነገሩ ከብቸና ይጀምራል፣ ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ሳሉ።

ከደሴ ተነሥቼ ብቸና ሳይንስ እንዳስተምር ስመደብ ልጅ እግር ነበርሁ። ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ነበር፤ አሁንም ከዚያ ብዙ አልራቀም። በገባሁ በሳምንቱ የትምህርት ቤቱን ዕቃ ቤት ልይ ብል፣ ከአካፋና ከተሰበረ ወንበር ሥር አንድ ረዥም ሣጥን አገኘሁ። ውስጡ ቴሌስኮፕ ነበር፣ ከነሦስት እግሩ። ሁለት ዓመት አስተምሮ ወደ አገሩ የተመለሰ ፈረንጅ ትቶት የሄደ ነው አሉኝ። ከእሱ በኋላ የነካው አልነበረም፤ ተማሪዎቹም «መድፉ» እያሉ ይጠሩት ነበር። እሰይ አልሁ። እንዲያ ያለ ዕቃ በሕልሜም አይቼ አላውቅም።

ክዳኑ ላይ ፈረንጁ የጻፈው ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል፤ በዚህ ውስጥ ፀሐይን ያየ ዓይኑን ያጣል፣ ይላል። ስለዚህ እኛ ፀሐይን በቀጥታ አናይም። ቱቦውን ወደ ሰማይ አዙረን ከኋላው ነጭ ወረቀት እንይዝለታለን፤ ፀሐይ ወረቀቱ ላይ ትወርዳለች፣ የስኒ ማስቀመጫ የምታህል ብሩህ ክብ ሆና። መጀመሪያ ባወረድኋት ቀን ክቧ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ አየሁ። የዝንብ ኩስ ናት ብዬ ወረቀቱን ቀየርሁ፤ አልሄደችም። መስተዋቱን በነጠላዬ ጫፍ ወለወልሁ፤ አሁንም አለች። ቱቦውን ነካ ሳደርገው ፀሐይዋም ነጥቧም አብረው ተንቀሳቀሱ፤ የመስተዋቱ ቆሻሻ ብትሆን ፀሐይዋ ትታት በሄደች ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ነጥቧ የራሷ የፀሐይ ናት። በመጽሐፍ ብቻ የማውቀውን ነገር በዓይኔ በብረቱ አየሁት፤ እየጮኽሁ ተማሪዎቹን ጠራሁ።

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት የሚባል ነገር ቀረ። ከትምህርት ቤቱ ተማሪዎች አልፎ ወላጆች መጡ፤ ከሉማሜ ዘመድ ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች ሳይቀሩ ተሰለፉ። አንዱ ሽማግሌ ወረቀቱን ገልብጠው ከጀርባው አዩና፣ ፀሐይዋ እዚያ እንደሌለች ካረጋገጡ በኋላ መልካም ነው ብለው ሄዱ። ተማሪዎቼ ደግሞ ነጥቧ ትናንት የነበረችበት ቦታ ዛሬ እንደሌለች አስተዋሉ። ፀሐይ ትዞራለች ማለት ነው፣ አይ ነጥቧ ናት የምትሄደው፣ እየተባባሉ ክፍሉን ገበያ አደረጉት። በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትሁበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ደስታዬ ወር ሳይሞላው ግን ከበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ቴሌስኮፑ ሥራ ፈቶ ስለተቀመጠ ወደ ደብረ ማርቆስ ትልቁ ትምህርት ቤት ይዛወር ይላል። አንድ ኢንስፔክተር መጥተው ይመረምራሉ፤ በእርግጥ የማይሠራበት ሆኖ ካገኙት በመኪናቸው ጭነውት ይሄዳሉ። ደሜ ፈላ። ሥራ ፈቶ ማለት ምን ማለት ነው? ደብዳቤውን ይዤ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። ዳይሬክተራችን ደግ ሰው ነበሩ፤ ከወረቀት በስተቀር የሚፈሩት ነገር አልነበረም። የተማሪ ደስታ ሰነድ አይደለም፣ ኢንስፔክተሩ የሚይዙት ማስረጃ ያስፈልጋል፣ አሉኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አልሁ በሆዴ። ማስረጃ ከሆነ ማስረጃ አመጣለሁ ብዬ ወጣሁ።

አንድ ጥቅል ፊልም አሥራ ሁለት ፎቶ ያነሣል። አንዲት ነጥብ ከፀሐይ አንድ ጠርዝ ብቅ ብላ በሌላው ጠርዝ እስክትሰወር ደግሞ አሥራ ሦስት ቀን ያህል ይፈጅባታል። በየቀኑ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አንድ ፎቶ ባነሣ፣ አሥራ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነጥቧ ስትሻገር ይታያል፤ ፀሐይ መዞሯን ብቸና ላይ ሆነን በገዛ እጃችን አሳየን ማለት ነው። ከዚህ በላይ ምን ሥራ አለ? ከትምህርት ቤቱ ካሜራ ተዋስሁ፤ ካሜራውን ወረቀቱ ላይ ባረፈችው ፀሐይ ትይዩ አቆምሁት። አዲስ ነጥብ በጠርዙ ብቅ እስክትል ጠበቅሁ። አንድ ማክሰኞ ብቅ አለች፤ እንዲያውም ከቀድሞዋ የፋፋች ነበረች።

አሥራ ሁለት ቀን አንድም ሳላሳልፍ አነሣሁ። ወሩ ጥር ስለነበር ሰማዩ አላስቸገረኝም። እሑድ ዕለት ቅዳሴው ሳያልቅ ሹልክ ብዬ ስወጣ ያዩኝ ሴቶች አስተማሪዋ ምን ነካት ተባባሉ። በስምንተኛው ቀን የቴሌስኮፑ አንድ እግር ተሰነጠቀ፤ በጠፍር አሰርሁት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነጥቧ ጠርዙ ላይ እንደ ክር ቀጥና ቀረች። በማግስቱ አልነበረችም። ፊልሙን ጠቅልዬ ወደ ሞጣ በሚሄድ የጭነት መኪና ሾፌር እጅ ላክሁት።

ሞጣ የላክሁት ለሐጂ ነው። ሐጂ ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ሞጣ ላይ በንግድ የኖረ ቤተሰብ ልጅ ናቸው፤ ከገበያው ጫፍ ፎቶ ቤት ነበራቸው። በዚያ አገር ፊልም የሚያጥብ ከእሳቸው ሌላ አልነበረም። ዝናቸው ደግሞ ሌላ ነው። የሐጂ ካሜራ ሰው ይወዳል ይባል ነበር። ሐጂ ዘንድ የተነሣ ሰው ሁሉ ከራሱ አምሮ ይወጣል። ዳይሬክተራችን በልጅነታቸው በቅሎ የረገጠቻቸው ጉንጫቸው ላይ ትልቅ ጠባሳ ነበረባቸው፤ ቢሯቸው ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የሐጂ ፎቶ ግን ጉንጫቸው እንደ ዕንቁላል ለስልሷል። ዳይሬክተሩ ሲጠየቁ፣ ያን ቀን ብርሃኑ ጥሩ ነበር ይሉ ነበር። እኛም አመንን።

ኢንስፔክተሩ ነገ ጠዋት ይመጣሉ ተብሎ፣ ዛሬ ቀትር ላይ ፖስታው ከሞጣ ደረሰ። ተማሪዎቹ ከበቡኝ፤ ዳይሬክተሩም ከቢሯቸው ወጡ። ቀደድሁት። አንደኛውን አየሁ፤ ንጹሕ ነጭ ክብ። ሁለተኛውን፤ ንጹሕ ነጭ ክብ። አሥራ ሁለቱንም ገለበጥኋቸው፤ አንዲት ነጥብ የለችም! አሥራ ሁለት ልሙጥ ፀሐይ። ዳይሬክተሩ አንዱን አንሥተው፣ ይኼ እኮ ሳህን ነው የሚመስለው፣ አሉ በቀስታ። ከፖስታው ሥር ቁራጭ ወረቀት ወጣች፤ በሐጂ እጅ የተጻፈች።

«ልጄ ሆይ፣ ፊልሙን በደህና አጥቤዋለሁ። ፀሐይሽ ፊቷ ላይ ጠባሳ ስለነበራት በእርሳስ አጥርቼልሻለሁ። ለዚህ ምንም አላስከፍልሽም።»

ምን እንደተሰማኝ ልናገር? ማልቀስም መሳቅም እኩል መጡብኝ። ዳይሬክተሩን፣ እኔ እስክመለስ እነዚህን ፎቶዎች ለማንም እንዳያሳዩ ለመንኋቸውና ወደ ሞጣ የሚሄድ መኪና ፍለጋ ሮጥሁ። እህል የጫነ ኤንትሬ የሚሉት ትልቅ መኪና አገኘሁ፤ ከጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ አቧራ እየቃምሁ፣ ለሐጂ የምናገረውን እያሰላሁ ሄድሁ። መንገዱ ረዥም ስለነበር ብዙ አሰላሁ።

ሞጣ ስደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ፎቶ ቤቱ ውስጥ ለሙሽርነት የተዘጋጀች ልጅ ከእናቷ ጋር ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ደጁ ላይም ተራ የሚጠብቁ ሦስት አራት ሰዎች አሉ። ሰላምታ እንኳ አላቀረብሁም። አሥራ ሁለት ቀን የደከምሁበትን አበላሹብኝ፣ ለካ የእርስዎ ካሜራ ሰው የሚወደው በእርሳስ ኖሯል፣ የሰው ፊት እየሣሉ ነው እንዴ የሚኖሩት፣ አልሁ። ጮክ ብዬ ነው ያልሁት። ከአፍ የወጣ አፋፍ። የሙሽራዋ እናት ቀስ ብላ ወደ ልጇ ዞረች፣ ከዚያ ወደ ሐጂ። ደጅ ያሉትም አንገታቸውን ወደ ውስጥ አሰገጉ።

ሐጂ አልተቆጡም። ሙሽራዋን በትሕትና ለሌላ ቀን ቀጠሯት፤ ደንበኞቹን ሸኙ፤ በሩን ገርበብ አድርገው ውሃ ሰጡኝ። ከዚያ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ነጥቧ ምን እንደሆነች፣ ነገ ምን እንደሚመጣ፣ ቴሌስኮፑ ሊወሰድብን መሆኑን ሁሉ ነገርኋቸው። ሲሰሙ እጃቸው አገጫቸው ላይ ነበር።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ አላህ የሰጠውን ፊት አልለውጥም። ፀሐይና ችግር የጨመሩበትን ነው የማነሣለት። የፀሐይን ፊት ማን እንዳቆሰላት እንዴት ልወቅ?»

ሳልወድ በግዴ ሳቅሁ። እሳቸውም ፊልሞቹን አወጡ፤ አንድ በአንድ ቆራርጠዋቸዋል። ፊልም ላይ ነገሩ ሁሉ ግልብጥ ነው፤ ብሩህ የሆነው ጥቁር፣ ጥቁር የሆነው ብርሃን የሚያሳልፍ ይሆናል። ፀሐይዋ ጥቁር ክብ ናት፣ ነጥቧ ግን መርፌ የወጋው የመሰለች ብርሃን የምታሳልፍ ቀዳዳ። ሐጂ ያችን ቀዳዳ እንደ መርፌ በሾለ እርሳስ ደፍነዋታል። ሥራው ሲያዩት ያስቀናል፤ የዳይሬክተራችንን ጉንጭ ያለሰለሰው እጅ ይኸው ነበር። ደግነቱ እርሳሱ ከላይ ብቻ ነው። ቀለም ቀቢዎች ቀለም በሚያቀጥኑበት በአኳራጅ ጥጥ ተነክሮ ቢጠረግ ይለቃል። ግን መሽቷል፤ በፋኖስ አልነካውም፣ እጄ ቢስት ፊልሙን ይፍቀዋል፣ አሉ። በጠዋት አብረን ብቸና እንሂድና እዚያ በቀን ብርሃን፣ በሩን ዘግተን እንሠራዋለን ተባባልን። በሩን ዘግተን ያሉት እሳቸው ናቸው። ለምን እንዳሉት ገብቶኛል፤ ሰው ካየ ፎቶ ቤታቸው አለቀለት። እኔም ያንን ነገር ዛሬውኑ በጩኸቴ ጀምሬላቸዋለሁ። ያሳደሩኝ ባለቤታቸው የሥጋ ነገር እንዳይነሣ ብለው ሽሮ ሠሩልኝ፤ አፍሬ በልቼ ተኛሁ።

በማግስቱ የተሳፈርንበት መኪና ጎማው ፈነዳ። ብቸና የደረስነው ረፋዱ ካለፈ በኋላ ነው። ከትምህርት ቤቱ ደጅ ላንድሮቨር ቆሟል፤ ቴሌስኮፑ ከነሣጥኑ ጀርባው ላይ ተጭኖ በገመድ ታስሯል። ዳይሬክተሩ፣ ማስረጃችሁ የታለ ሲባሉ ጨንቋቸው ኖሮ፣ እነዚያን አሥራ ሁለት ልሙጥ ፀሐዮች አውጥተው ሰጥተዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ዳይሬክተራችን ምናለ ወረቀቱን ይዘው በቀሩ!

ኢንስፔክተሩ ቢሮ ውስጥ ፎቶዎቹን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ፊታቸው በፈንጣጣ የተበሳሳ፣ ድምፃቸው ረጋ ያለ ትልቅ ሰው ነበሩ። ሳህን አሥራ ሁለት ጊዜ ፎቶ አንሥታችሁ መንግሥትን ታሞኛላችሁ ወይ፣ አሉኝ። እንደምንም ቁጣዬን ዋጥሁና ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ነጥቧን፣ እርሳሱን፣ ጥጡን። አንገታቸውን ነቀነቁ። እናንተ በር ዘግታችሁ ነጥብ ብትቧጥጡበት በምን አውቃለሁ፣ አሉ። እውነታቸውን ነው።

«የሚጠረግ ከሆነ እዚሁ፣ ዓይኔ እያየ ይጠረግ።»

በሩም መስኮቱም ተከፍቶ ነበር። መምህራኑ ደጁ ላይ፣ ተማሪዎችና ወላጆች መስኮቱ ላይ ተደራርበዋል፤ ከግድግዳው ላይ የዳይሬክተሩ ለስላሳ ጉንጭ ቁልቁል ያየናል። ሐጂን አየኋቸው። ይቅርብዎት፣ መድፉም ይሂድ፣ ልላቸው አፌን ከፈትሁ። እውነት ነው የምላችሁ፣ ልላቸው ነበር። እሳቸው ግን ቆባቸውን አስተካክለው ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጡ፤ የአኳራጁን ጠርሙስና ጥጡን ከኪሳቸው አወጡ። ለሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው ተናገሩ፤ እኔ ጠባሳን፣ ቡግርን፣ የፈንጣጣን ምልክት በእርሳስ እሸፍናለሁ፣ ሥራዬ ነው፤ ይህችንም ፀሐይ እንደ ሰው ቆጥሬ አጥርቻታለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የአስተማሪዋ አይደለም፣ አሉ። ከመስኮቱ አንድ ሰው ወደ ግድግዳው ፎቶ ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ሌላውም አየ። ዳይሬክተሩ ጉንጫቸውን ያዙ።

የመጀመሪያውን ፊልም ጠረጉት። ጥጡ ግራጫ ሆነ። ወደ መስኮቱ ብርሃን ሲይዙት ከጥቁሩ ክብ ጠርዝ ላይ አንዲት ብሩህ ነጥብ በራች። ኢንስፔክተሩ ከወንበራቸው ተነሡ። ሁለተኛው ላይ ነጥቧ ትንሽ ወደ ውስጥ ገብታለች። ሦስተኛው ላይ ይበልጥ። ኢንስፔክተሩ ተራቸው እንዳልተዛባ ፊልሙ ዳር ላይ የታተመውን ቁጥር ራሳቸው እያነበቡ፣ እርጥቡን ፊልም አንድ በአንድ የመስኮቱ መስተዋት ላይ ለጠፉት። ስድስተኛው ላይ መሃል ደረሰች። አሥራ ሁለተኛው ላይ ከወዲያኛው ጠርዝ ጫፍ እንደ ክር ቀጥና ቆመች። አሥራ ሁለት ጥቁር ፀሐይ በአንድ መስኮት፣ ነጥቧ ከዳር እስከ ዳር ስትሻገር። እኔ ራሴ አንሥቻቸው እንደዚያ ተደርድረው አይቻቸው አላውቅም ነበር። እንባዬ መጣ፤ አላበስሁትም።

ኢንስፔክተሩ ረዥም ጊዜ ቆመው አዩ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ከዚያ ተመልሰው ከመጨረሻው እስከ መጀመሪያው። በመጨረሻ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው ሾፌራቸውን ጠሩ።

«ዕቃውን አውርድ። ይኼ ሥራ የፈታ ዕቃ አይደለም።»

ግቢው በእልልታ ተናጋ። ተማሪዎቹ መኪናው ላይ ወጥተው ገመዱን ሊበጥሱት ደረሱ። እኔም ልሮጥ ስል ሐጂን አየኋቸውና ቆምሁ። ጠርሙሳቸውን እየከደኑ፣ የቆሸሸውን ጥጥ በወረቀት እየጠቀለሉ ነበር፤ ወደ ማንም አይመለከቱም። ሰዉ ግን እሳቸውን ያያል። በየቤቱ የተሰቀለውን ፎቶ፣ ወደ ሙሽራ ቤት የተላከውን ፎቶ እያሰበ መሆኑ ያስታውቃል። ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ሞጣ እንደሚገባ እኔም እሳቸውም እናውቃለን። መድፌን በእንጀራቸው ገዛሁት አልሁ። ተጠግቼ ትከሻቸውን ሳምሁ፤ ትናንት ስለተናገርሁት ይቅር ይበሉኝ አልኋቸው። ምንም አይደል አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

ያን ጊዜ ኢንስፔክተሩ ኮፍያቸውን አንሥተው ወደ በሩ ሲያልፉ ሐጂ አጠገብ ቆሙ። ድምፃቸውን አልቀነሱም፤ ደጅ ያለው ሁሉ ሰማ።

«ሐጂ፣ ነገ በሞጣ በኩል አልፋለሁ። ሁለት ፎቶ ያነሡኛል። ለመሥሪያ ቤቱ የሚሆነውን አጥርተው ያስውቡልኝ። ለባለቤቴ የሚሆነውን ግን አይንኩት፤ እሷ ያገባችኝ ከነፈንጣጣዬ ነው።»

በመጀመሪያ የሳቁት ዳይሬክተሩ ናቸው፣ እጃቸውን ከጉንጫቸው ሳያነሡ። ከዚያ ደጁም መስኮቱም ሳቀ። አንዲት ሴት ከኋላ ሆና፣ እኔንም እንዲያው አጥርተው ያንሡኝ፣ መቼ ልምጣ፣ አለች። ሐጂ ቀና አሉ። ኢንስፔክተሩን አዩ፣ ፊታቸውን ከግንባር እስከ አገጭ በዓይናቸው ለኩ፣ እንደ ባለሙያ።

«አንደኛውስ ቀላል ነው» አሉ። «ሁለተኛው ነው የሚከብደኝ። እጄን ማን ይይዝልኛል?»

እኔ እይዝልዎታለሁ አልኋቸው። በማግስቱ ሞጣ ሄጄ ያዝሁላቸው።